የጋሼ «ስንቱ?»

ጋሼ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ዕድሜያቸውን በመድኃኒት ቤት ነው የጨረሱት። እሳቸው ፊት «ይሄ እኮ መርዝ ነው!» ብሎ ማለፍ አይቻልም ነበር። ቀና ብለው «ስንቱ?» ይላሉ። ጨውም ይሁን ክኒን፣ መጠኑን ሳይሰሙ አይፈርዱም። ሲሰለቸን «ኧረ ጋሼ ደግሞ!» እንላቸው ነበር።

ገርጂ ኮንዶሚኒየም በገባን ሰሞን፣ ሁሉም ቤቱን ሲያሳምር፣ ቀለም ቀቢዎች ቀለም የሚያቀጥኑበትን አኳራጅ በለስላሳ ጠርሙስ ደረጃው ላይ ትተው ሄዱ። ትንሿ ልጄ አንስታ ጠጣችው። ጩኸቴን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ወተት ይዞ መጣ። አንዷ ልታስመልሳት ጣቷን አፏ ውስጥ ልትከት ስትል ጋሼ በፒጃማቸው ደረሱ።

«ተዪ! ሲመለስ ነው ሳንባዋ የሚገባው!» ወደ እኔ ዞሩና «ስንቱን ጠጣች?» አሉ።

ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስተው አዩት። የጎደለው ጥቂት ነው። «አንድ ጉንጭ ቢሆን ነው። ጠርሙሱን ያዢ፣ ሆስፒታል እንሂድ።»

ሲመሽ ሐኪሙ «ሳንባዋ ደህና ነው፣ ውሰዷት» አለን። ጋሼ ግድግዳውን ተደግፈው «ተመስገን፣ ተመስገን» ማለት አላቆሙም።

ከዓመታት በኋላ፣ ጋሼን በቀበርን ሰሞን አንዲት ለቅሶ ደራሽ፣ ሻዬ ላይ ስኳር ስጨምር አይተው «ልጄ፣ ስኳር እኮ መርዝ ነው» አሉኝ። ሁላችንም ሳናውቀው የጋሼን ድምፅ እየጠበቅን ነበር።

ያቺው ልጄ፣ አሁን ቁመቷ እኔን አልፎ፣ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ስንቱ?»

ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅን። ጋሼ፣ እንግዲህ ይረፉ። ጠያቂ አለን።