የሱሌይማን ካምቢዮ

ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ብስክሌት ያለው ሰው ሁሉ ሱሌይማንን ያውቀዋል። የእሱ መጠገኛና የእኔ የልብስ ስፌት መኪና አንድ በረንዳ ላይ ስለነበሩ ግን ከእኔ ከአብተው የበለጠ የሚያውቀው አልነበረም፤ ከሚስቱ ከዙቤይዳ በቀር። ዙቤይዳ ሸቤ ትኖራለች፣ እሱ ጅማ። መካከላቸው ሃምሳ ኪሎ ሜትር የሚሆን የጠጠር መንገድ አለ።

ተጣልተው እንዳይመስላችሁ። ዘመኑ ነው እንዲህ ያደረጋቸው። የዙቤይዳ ትንሽ የቡና ማሳ በገበሬ ማኅበሩ መዝገብ በስሟ ሰፍሯል፤ ጥላው ከሄደች ለሌላ ይሰጣል። የሱሌይማን አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤትም እንዲሁ፣ በለቀቀ ማግስት ሌላ ሰው ይገባባታል። ማሳው ብቻውን አያኖራቸውም፣ ጥገናውም ብቻውን አያኖራቸውም። ስለዚህ ሁለት ቦታ ሆነው አንድ ትዳር ያዙ። እሱ ሐሙስ ጠዋት በብስክሌቱ ይነሳል፣ ጁምዓን እዚያ ሰግዶ ቅዳሜ ይመለሳል። እሑድ የቀበሌው ስብሰባ ላይ ስሙ ሲጠራ አቤት ማለት አለበት። አውቶቡስ እንዳይሳፈር፣ በየሳምንቱ የይለፍ ወረቀት የሚጽፍለት ሊቀመንበር ከየት ይመጣል? ብስክሌት የሚነዳን ሰው ግን ኬላ ላይ ማንም አያስቆመውም፤ ደግሞም የኬላ ጠባቂዎቹን ብስክሌት የሚጠግነው እሱ ራሱ ነው።

ስምንት ዓመት እንዲህ ኖሩ።

ሱሌይማን ከሰው ጋር እያወራ የሚጠፋ ሰው ነበር። ጎማ ያሽከረክርና ዓይኑ እዚያው ይቀራል፤ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቀዋል። እኔ ደግሞ ችኩል ነኝ፣ መጠበቅ አልወድም። «ጓድ ሱሌይማን፣ የት ሄድክ?» ስለው «ሸቤ» ይለኛል፣ ሳያፍር። እንደዚያ እየባዘነም ቢሆን ሥራው አይነቀፍም። በተለይ በካቴና፣ በብስክሌት ሰንሰለት ማለቴ ነው፣ የሚስተካከለው አልነበረም። ረግቦ የሚንቋቋ ካቴና እሱ ዘንድ ነውር ነው። አንጓ እየቀነሰ እንደ ክራር ጅማት ይወጥረዋል፣ የቆረጣቸውን አንጓዎች ደግሞ ባዶ የወተት ጣሳ ውስጥ ያጠራቅማል። «የሱሌይማን ውጥር» ይሉት ነበር የጅማ ሰዎች፣ እሱም ስሙን ይወደው ነበር።

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ጥር ወር ላይ ጉልበቱ ከዳው። ሜዳው ላይ ደህና ነው፣ ዳገት ሲመጣ ግን ፔዳሉን መርገጥ አቃተው። አንድ ሐሙስ ከመንገድ ተመለሰ፣ ሁለተኛው ሐሙስ ከነጭራሹም አልተነሳም። በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ዕለት የጭነት መኪና ሾፌሩ ፈየራ ከሸቤ የዙቤይዳን መልእክት ይዞ መጣ።

«ይህን ሐሙስና የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ ብላለች፤ ካልመጣ ግን ማሳውን ለማኅበሩ አስረክቤ እኔው እመጣለሁ ብላለች።»

ማሳው ከእናቷ የወረሰችው ነው። ቡናዎቹን ራሷ ተክላቸዋለች፣ ገና ደህና መስጠት የጀመሩት ባለፈው ዓመት ነው።

«አታድርጊው በላት» አልኩት ፈየራን።

«ጋሽ አብተው፣ የዙቤይዳን ቃል የሚመልስ ሰው ካለ እርስዎ ይንገሯት» አለና ሄደ።

ሱሌይማን ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የተሰበረ ብስክሌት ቀና አለ። የቡና ማጠቢያ ማሽን ሊተክል መጥቶ የነበረ አንድ ምሥራቅ ጀርመናዊ ነው ትቶለት የሄደው። መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ወጥቶበት አካሉ ለሁለት ተከፍሏል፤ የኋላ ጎማውና ካምቢዮው ግን አልተነኩም። ጅማ ውስጥ በዚያን ጊዜ ካምቢዮ ያለው ብስክሌት አይቼ አላውቅም። የኋላው ጎማ ላይ በአንድ ፈንታ አምስት ጥርሳም ክቦች ተደርድረዋል፤ ትልቁ ለዳገት፣ ትንሹ ለሜዳ። ከሥራቸው ሞላ ያለው ትንሽ የብረት ክንድ ይንጠለጠላል፤ መሪው አጠገብ ያለውን እጀታ ስትስበው ክንዱ ካቴናውን ገፍቶ ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው ያሻግረዋል።

«ይቺ ናት ሸቤ የምታደርሰኝ» አለ ሱሌይማን።

ሁለት ቀን ሠራ። የራሱን ጥቁር ብስክሌት የኋላ ሹካ በእንጨት ሽብልቅ ከፍቶ የጀርመኑን ጎማ አስገባ፣ የፊቱንም ጥርስ ቀየረ። ካምቢዮውን ከጎማው ብሎን ጋር አሰረ፣ ሽቦውን ዘረጋ። የጀርመኑን ካቴና ሲያጠልቅ ግን ፊቱ ተቋጠረ። ክንዱ በነካው ቁጥር ይወዛወዛል፣ ካቴናውም ይረግባል።

«ይሄ አቦ ምንድን ነው? ሰካራም ነው እንዴ?» አለና ስድስት አንጓ ቆርጦ ጣሳው ውስጥ ጣለ። ካቴናው ተወጠረ፣ ክንዱም ቀጥ ብሎ ቆመ። «አሁን ሰው ሆነ።»

ሐሙስ ጠዋት ሸኘሁት። ለዓሱር ሶላት ሲጠራ ብስክሌቱን እየገፋ፣ እያነከሰ ተመለሰ። የመጀመሪያው ዳገት ላይ ወደ ትልቁ ጥርስ ሲያሻግር ካቴናው አልበቃ ብሎ ክንዱን ጠመዘዘውና ተበጠሰ።

እኔ ምላሴ አያርፍም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» አልኩት።

አልሳቀም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ጉልበቱን ይዞ «ዛሬም ትጠብቃለች» አለ።

አፈርኩ። ምላሴን ብቆርጠው በወደድኩ። ያን ዕለት ምንም አልሰፋሁም።

በማግስቱ ለሸቤ ትምህርት ቤት የታዘዘውን ዩኒፎርም ስሰፋ ሱሌይማን ከጁምዓ ሶላት ተመልሶ አጠገቤ ተቀመጠ። ጠፍቷል፣ እንደ ልማዱ። ዓይኑ መኪናዬ ላይ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲያ ቆይቶ ድንገት ጣቱን ቀሰረ።

«አብተው፣ ክሩ የሚያልፍባት ይቺ ሞላ ምን ትሠራለች?»

«መርፌው ሲወርድ ክር ትለቃለች፣ ሲወጣ የተረፈውን ትሰበስባለች።»

«ብታስራትስ?»

«ክሩ ይበጠሳላ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

ሞላዋን በጣቱ ነካ ነካ አደረጋት። ከዚያ ተነሥቶ የወተት ጣሳውን አመጣና መሬት ላይ ገለበጠው።

«ያ ረቢ» አለ፤ «ክንዱ የሚወዛወዘው ትርፉን ሊሰበስብ ነው። እኔ አሰርኩት።»

የጀርመኑን ስድስት አንጓዎች ከስንት ዓመት ቁርጥራጭ መሃል ለቅሞ አወጣቸው። አንድ በአንድ መልሶ ገጠማቸው። የተጣመመውን ክንድ በሁለት ጣውላ መሃል አድርጎ «ሱታ፣ ሱታ» እያለ በቀስታ አቀናው። ካቴናው ተመልሶ ሲረግብ ፊቱ ላይ የነበረውን አልረሳውም፤ ዕድሜ ልኩን ነውር ሲለው የኖረውን ነገር በገዛ እጁ እየሠራ ነው።

ብስክሌቱን ከበረንዳው ወራጅ ላይ በገመድ አንጠለጠለው። ካምቢዮው ላይ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አሉ። አንዱ ካቴናው ከትልቁ ጥርስ አልፎ ወደ ጎማው ሽቦዎች እንዳይገባ ይከለክላል፣ ሌላው ከትንሹ ጥርስ ወርዶ ከሹካው ጋር እንዳይጣበቅ። ሱሌይማን በካቻቢቴ ሩብ ዙር ያዞራል፣ ፔዳሉን በእጁ ያሽከረክራል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይሰማል።

«አብተው፣ መኪናህን አቁም። አልሰማሁትም።»

«እኔስ ሥራ የለኝም?»

«አቁም አልኩህ።»

አቆምኩ። ከሰዓት በኋላ ጥቂት ዘንቦ ነበር፣ የየጓሮው ቡና አብቦ ሽታው መንደሩን ሁሉ ሞልቶታል። ጎማው አየር ላይ ይዞራል። መጀመሪያ ይንቋቋል፤ ሩብ ዙር፣ ያንሾካሹካል፤ ደግሞ ትንሽ፣ ሽቦውን ጠበቅ፣ መልሶ ላላ። አምስቱም ጥርሶች ላይ እንዲህ አደረገ። በመጨረሻ ድምፁ ጠፋ፤ ካቴናው ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው ሲሻገር ጭራሽ አይሰማም፣ ክንዱ ብቻ ወዲያና ወዲህ ይላል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ፤ ልጅ ሆኜ ሰው አዝሎኝ የሚሄድ መሰለኝ። ሱሌይማንን ሳየው ፈገግ ብሏል። የት እንደሄደ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

የመጨረሻዋ ሐሙስ ደረሰች። «ያንን የሸቤ መግቢያ ዳገት ሳትወርድ ነው የምትወጣው!» አልኩት፣ በመንገዱ ሁሉ የከፋው እሱ ስለሆነ። ፈገግ ብሎ ፔዳሉን ረገጠ።

ቅዳሜ ሲመለስ መቀሴን ጥዬ ተነሣሁ።

«ደረስክ?»

«አልሐምዱሊላህ። ማሳውም አለ፣ እሷም አለች።»

«ዳገቱንስ?»

«ሌሎቹን በሙሉ ሳልወርድ ወጣሁ። ያንን ግን በእግሬ ነው።»

ተናደድኩ። መኪናዬን ያቆምኩት ለዚህ ነው? «ታዲያ ካምቢዮው ምን ይሠራልሃል?» ብዬ ጀርባዬን ሰጠሁት። አንድ ሳምንት ያህልም አኮረፍኩት።

ዩኒፎርሙ ሲያልቅ የይለፍ ወረቀት ተጻፈልኝና በፈየራ መኪና ጋቢና ውስጥ ሆኜ ወደ ሸቤ ወሰድኩት። ቀኑ ሐሙስ ነበር። ከዚያ ዳገት ሥር ስንደርስ ፀሐይዋ ገና ናት። ከፊታችን መንገዱን መሃል ለመሃል ይዘው ሁለት ሰዎች ብስክሌት እየገፉ ይወጣሉ። እሱ መሪውን ይዟል፣ እሷ ከኋላ ኮርቻውን። እሷ ታወራለች፣ እሱ ይሰማል፤ ነገሩ ሲጥመው ቆም ይላል፣ እሷም ትቆማለች።

«ስምንት ዓመት እንዲህ ናቸው፣ ጋሽ አብተው» አለ ፈየራ። «እዚያ ዋንዛው ሥር ትጠብቀውና አብረው ይወጡታል። ድሮ እስኪደርስ እየመሸበት፣ ጅብ ፈርተው ይሮጡ ነበር። አሁን በጊዜ ይደርሳል። ይዩዋቸው፣ ሰዓት ሙሉ ይፈጅባቸዋል።»

ቀናሁ። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ቀናሁ። ባለቤቴ ጥሩአየሁ ከሞተች አራት ዓመቷ ነበር። ገበያ ስንሄድ ሁልጊዜ እቀድማት ነበር፤ «ቆይ እንጂ አብተው» ትለኝ ነበር ከኋላዬ። አንድም ቀን ቆሜ አላውቅም።

ፈየራ መንገድ እንዲለቁልን ጡሩንባውን ሊነፋ እጁን ዘረጋ። ያዝኩት።

«ተዋቸው» አልኩት። «እኛ እንቆይ።»