የኤልፍነሽ አዎ

ኤልፍነሽ አላበደችም። ይህን ገና ከመጀመሪያው ልናገር፤ እኛ ባለንበት በአትላንታ ዳሯ ቻምብሊ ውስጥ ጤነኛውን አበደ፣ ያላረጀውን ጃጀ የሚል ወሬኛ ሞልቷልና። አብሬያት መኖር ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አንድ ኩሽና፣ አንድ ሻወር። ሰው አእምሮውን ሲስት ምን እንደሚመስል ደግሞ እኔን ዘሪቱን ጠይቁኝ፤ ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድኩ መንከባከብ ነው። እሷ ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ የመኪና ቁልፍ እንኳ ጠፍቶባት አያውቅም። የሚጠፋብኝ እኔ ነኝ።

ኤልፍነሽ በወጣትነቷ ቦሌ አውሮፕላን ታጸዳ ነበር። ያኔ ሰባት ሃያ ሰባት የሚባለው ባለ ሦስት ሞተር ቦይንግ በሦስት ሰው ነበር የሚበረው። ሁለቱ ፊት ለፊት ይነዳሉ፤ ሦስተኛው፣ ኢንጂነሩ፣ ወደ ጎን ዞሮ ይቀመጥና ነዳጁን፣ ኤሌክትሪኩን፣ አየሩን ይቆጣጠራል። እሱ ፊት ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ማብሪያ ማጥፊያና ቆጣሪ ነው። እሷ የዚያን ግድግዳ አቧራ በቀለም ብሩሽ ታራግፍ ነበር፤ አንዱንም ሳታነቃንቅ። አለቃዋ በሩ ላይ ቆሞ «አትንኪ!» ይላታል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልነካችም። «እያንዳንዷን በአቧራዋ አውቃታለሁ፤ ምን እንደምትሠራ ግን አንድ ሰው ነግሮኝ አያውቅም» አለችኝ አንድ ቀን። እንዴት እንደቆጫት ከአፏ ብትሰሙት!

ከዚያ ዲቪ ደረሳት፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጇን ንዋይን ይዛ አትላንታ ገባች። ሆቴል አጸዳች፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን አሸገች፣ ልጇን ኮሌጅ አስተማረች። ንዋይ ዛሬ ፒችትሪ ኮርነርስ የሚባል ሰፈር ቢሮ የሚሠራ፣ ቤት የገዛ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ ሰው ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ አልዋሽም። ብቻ እናቱን እንደ ዕቃ የት ላስቀምጣት እያለ ይጨነቃል።

በ2013 ንዋይ አሮጌ ኮምፒውተሩን ሊጥል ሲል «ለኔ ስጠኝ» አለችው። ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ኮምፒውተር የሚጠግነው ሱልጣን የበረራ ፕሮግራም ጫነላት፤ ጆይስቲክ የሚሉትን ማብረሪያ ዱላ ደግሞ ካሮጌ ዕቃ መሸጫ አገኘች። በዓለም ካለው አውሮፕላን ሁሉ የመረጠችው ያንኑ ሰባት ሃያ ሰባት ነው። ሱልጣን «እትዬ፣ ይሄ እኮ ከባድ ነው፤ ለምን በቀላሉ አይጀምሩም?» ቢላት፣ «ቀላሉን አይደለም ስጠርግ የኖርኩት» አለችው።

ሞተር ማስነሳት ብቻ አምስት ሳምንት ፈጀባት። መመሪያው ከሦስት መቶ ገጽ በላይ ነው፤ ላይብረሪ ሄዳ አሳተመችው፣ በየዳሩ በእርሳስ አማርኛውን ጻፈችበት። አንዱን ስታበራ ሌላው ይጠፋል። ተነሳች ስትባል ደግሞ ከነዳጅ ታንኮቹ አንዱ ቀድሞ ያልቅባትና ሞተር ይጠፋል፤ እሷም አላባማ ጫካ ውስጥ ትከሰከሳለች። እኔ ሶፋ ላይ ሆኜ «ዛሬስ ስንት ሰው ፈጀሽ?» እላታለሁ። «መቶ ሠላሳ! አሁን አፍሽን ዝጊ!» ትለኛለች። ሞኝ ነበርኩ፤ እኔ ሳሾፍ እሷ ትማር ነበር።

ግድግዳው ስክሪኑ ላይ ባንዴ አልታይ ስላላት የቁም ሳጥኗን በር በካርቶን ለበጠችው። በእያንዳንዱ ማብሪያ ቦታ የሸሚዝ ቁልፍ ሰፋችበት፤ ነጩ ለነዳጅ፣ ጥቁሩ ለኤሌክትሪክ፣ ቀዩ ለእሳት። ከሥራ እንደገባች ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ በሩ ፊት ትቆምና እያወራች ቁልፎቹን በየተራ ትነካለች። አዎ፣ ትነካለች! እስቲ ማን ሊከለክላት ነው?

አንድ ክፉ አመል ግን አላት። አዎ የሚለው ቃል ካፏ አይወጣም። እንደኛ አገር ሰው ትንፋሿን «እህ» ብላ ወደ ውስጥ ሳብ ታደርጋለች፤ በቃ፣ መልሱ ያ ነው። ሁላችንም እናደርገዋለን፤ የሷ ግን ለከት የለውም። «በላሽ?» ስትሏት ሳብ። «ገባሽ?» ሳብ። «እየሰማሽኝ ነው?» ሳብ። ተስማምታ ይሁን ሰምታ ብቻ፣ እሷና ፈጣሪዋ ይወቁ።

መማር በጀመረች በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን ንዋይ ሳይደውል መጣ። እናቱ ቁም ሳጥን ፊት ቆማ የሸሚዝ ቁልፎችን «አንተ ዝግ፣ አንቺ ክፍት» ስትል አገኛት። ፊቱ ልውጥ አለ። ወደ ኩሽና ወሰደኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ ዘሪቱ፣ ይሄ ነገር ከጀመራት ቆየ? ለምን አልነገሩኝም? ዲሜንሽያ የሚሉት የመርሳት በሽታ እኮ እንዲህ ነው የሚጀምረው» አለኝ።

«በጠላቷ! አውሮፕላን ነው የምትማረው» አልኩት።

ይብስ ደነገጠ። እኔንም በዚያው ዓይን ያየኝ ጀመር።

ከዚያ ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠና፣ ለሕፃን በሚወራበት ድምፅ፣ «እማዬ፣ አሁንስ እኛ ጋ ትገቢያለሽ። ቤዝመንቱን፣ ከታች ያለውን ክፍል፣ አሳምሬልሻለሁ። መኪና መንዳቱም ይቅርብሽ፣ እኔ የፈለግሽበት አደርስሻለሁ። የዚህን ቤት ሊዝ፣ የኪራይ ውሉን፣ አናድሰውም፣ እሺ?» አላት። ኤልፍነሽ ትንፋሿን ሳብ አደረገች። እሱም ግንባሯን ስሟት ሄደ።

በሳምንቱ ከአፓርትመንቱ ቢሮ ደብዳቤ መጣ። ሊዙ ላይ ኮሳይነሩ፣ አብሮን የፈረመው ዋስ፣ ንዋይ ነው፤ አናድስም ብሏቸዋል። እስከሚቀጥለው ሰኞ ሐሳባችንን ካልቀየርን በወሩ መጨረሻ ቤቱን እንድንለቅ ይላል። ደሜ ፈላ። እኔስ የትም ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። እሷ ግን ቁልፏን ተቀምታ፣ ቤዝመንት ወርዳ፣ ካልወሰዷት የማትሄድ ካልሰጧት የማትበላ ስትሆን ታየኝ።

«አዎ ብለሽዋል?» ብዬ ጮህኩባት።

«አላልኩም! ተነፈስኩ እንጂ!»

«ይኸው ትንፋሽሽን አስፈርሞብሻል!»

ወረቀቱን አጣጥፋ አስቀመጠችና ስልኳን አነሳች። «ንዋይ፣ እሁድ ከቸርች ስትወጣ ና። የበረራ ፈተና አለኝ፣ ቁጭ ብለህ ታያለህ። ጭንቅላቴ ልክ ካልሆነ በገዛ እግሬ መኪናህ ውስጥ እገባለሁ» አለችው።

ፈተናው የምር ነው። አሮጌ አውሮፕላን በየቤታቸው የሚያበሩ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ማኅበር አላቸው። የሷ ፈታኝ ሚስተር ሆሊስ ይባላል፤ በዚያው አውሮፕላን ኢንጂነር ሆኖ የሠራ፣ ሜከን ከተማ የሚኖር ጡረተኛ ነው። በስካይፕ ስክሪኗን እያየ የፍተሻውን ዝርዝር አንድ በአንድ ይጠራል፤ እሷ እያንዳንዱን አይታ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ትነግረዋለች። ከአትላንታ ሳቫና ወደሚባል ከተማ ትበራለች፤ ካረፈች አለፈች።

እሁድ ንዋይ ከነሱፉ ሶፋዬ ላይ ተቀመጠ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ፤ መቀመጥ አልቻልኩም።

«ፊውል ፓምፕስ?» አለ ሚስተር ሆሊስ።

ኤልፍነሽ የነዳጅ ፓምፖቹን አየች፤ በጣቷ አረጋገጠች፤ በርተዋል። ትንፋሿን ሳብ አደረገች።

«ፊውል ፓምፕስ?» ደገመው።

እሷም ደገመችው፤ አሁን ጠንከር አድርጋ።

«ጀነሬተርስ?»

ሳብ።

ሰውየው ዝርዝሩን አቆመ። «ማዳም፣ ደህና ነዎት? መተንፈስ አቃተዎት እንዴ? ሰው ልጥራልዎት?» አለ በእንግሊዝኛው።

ጉድ ፈላ! ንዋይ ብድግ አለ። «በቃ እማዬ፣ ይሄው ነው ያልኩት፣ ዝጊው» ብሎ እጁን ወደ ኮምፒውተሩ ሰደደ። እኔ ምን ቁርጥ አርጎኝ ዝም እላለሁ! ማይኩን ከፊቷ ነጠቅኩና «ሚስተር! ሺ ኢዝ ፋይን! ዛት ኢዝ አወር የስ!» ብዬ አንባረቅኩ።

ሰውየው ሳቀ። ወዲያው ግን ኮስተር ብሎ፣ «ጥሩ፣ ገባኝ። ኮክፒት፣ አብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ ግን ያልተባለ ነገር እንዳልተደረገ ነው የሚቆጠረው። ትንፋሽ ሰምቼ መንገደኛ አላሳፍርም። ከመጀመሪያው እጠራለሁ፤ አሁንም ካልመለሱልኝ ፈተናው እዚህ ጋ ያበቃል» አለ።

ኤልፍነሽ ልጇን አየችው። እጁ ገና ኮምፒውተሩ አጠገብ ነበር። ወንበሯን ወደፊት ሳበችና በክርኗ ገፋ አደረገችው።

«ፊውል ፓምፕስ?»

«ኦን!»

ጎረቤት ሳይሰማ አይቀርም። በስድስት ዓመት አዎዋን እንዲህ ድምፅ አውጥታ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

«ጀነሬተርስ?» «ኦን!» «ዶርስ?» «ክሎዝድ!» እያለች፣ እያለች፣ ሦስቱንም ሞተር አስነስታ ከአትላንታ ተነሳች። ንዋይ እንደቆመ ቀረ።

ግማሽ መንገድ ላይ፣ አውሮፕላኑን በራሱ እንዲሄድ አድርጋው ሳለ፣ ሚስተር ሆሊስ ሳያስጠነቅቅ «ሦስተኛው ሞተር ተቃጠለ፤ ያጥፉት» አላት። ኧረ በስመ አብ! አላባማ ጫካው ትዝ አለኝ። ኤልፍነሽ ዓይኗን ጨፈነች። እጇ አየር ላይ ሄደ፤ ቀዩን ነካ፣ ጥቁሩን ነካ፣ ሁለቱን ነጭ ነካ። የቁም ሳጥኑን በር ነበር የምትነካው። ከዚያ ዓይኗን ገልጣ ያንኑ ስክሪኑ ላይ ሠራችው፤ ሞተሩን አጠፋች፣ ታንኩ ውስጥ የቀረውን ነዳጅ ወደ ሁለቱ አሻገረች።

«ክሮስፊድ?» አለ፤ ነዳጅ የሚያሻግረውን መስመር መጠየቁ ነው።

«ኦፕን!»

ንዋይ ዓይኑን ከእጇ አልነቀለም። ጃጀች ያስባላት እጅ እኮ ነው።

ሳቫና ስትደርስ ጎማው አንዴ መሬት ነክቶ ነጠረ፣ ከዚያ አረፈ፣ ቆመ። «አስቀያሚ አስተራረፍ ነበር» አለ ሚስተር ሆሊስ። «ግን ሁሉም በሕይወት አለ። አልፈዋል፣ ማዳም።» እኔ እልልታዬን አቀለጥኩት። «መቶ ሠላሳውም በሰላም ገቡ!» እያልኩ ዞርኩ። አልቅሼም ነበር፣ ምን ልደብቅ።

ንዋይ ጎንበስ ብሎ እቅፍ አደረጋት። «ጎበዝ፣ እማዬ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አልገባኝም ነበር» አለ፤ ከልቡ ነው። ጥቂት ቆይቶ ግን፣ «ብቻ፣ ያው፣ ብቻሽን ከምትሆኚ... ቤዝመንቱም ዝግጁ ነው። ኮምፒውተሩን እዚያ እተክልልሻለሁ። ቅዳሜ መኪና ይዤ ልምጣ፣ አይደል?» አላት።

ብቻሽን! እኔ እዚህ ቤት ወንበር ነኝ?

ኤልፍነሽን አየኋት። ደረቷ ከፍ አለ። ያ ትንፋሽ ሲገባ አየሁትና አለቀልን አልኩ። እሷ ግን ያዘችው፤ ከዚያ መልሳ አወጣችው።

«አይሆንም» አለችው። «ቤቴን አትንካ።»

ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች።

«ልጄ ነህ፣ እወድሃለሁ። ግን አትንኪ ሲሉኝ ኖሬአለሁ፤ ከእንግዲህ የኔን የሚነካብኝ የለም። ነገ ጠዋት ቢሮ ገብተህ ሊዙን ታድሳለህ?»

ንዋይ መሬት መሬት እያየ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገ። የናቱ ልጅ አይደል!

«አልሰማሁም» አለችው።

«አዎ» አለ ንዋይ። «አድሳለሁ።»