ከዚራ ላይ የወረደው ሽቦ

«መብራቱን ዘርግቶ ከሰፈር ሰፈሩ፣
የኔን ደጅ ረስቶት…»

ከዚህ በኋላ ያለው ጠፍቶበታል። ናሁሰናይ የኤሌክትሪክ ምሰሶው ጫፍ ላይ በወገብ ቀበቶው ተደግፎ፣ ቀሪውን በማንጎራጎር ይሞላዋል። ከሥር ገመድ የያዘለት የሥራ ባልደረባው ሚክዳድ ግን አይምረውም።

«ወርያ፣ ስንት ዘመን አብረን ስንሠራ አንድ ዘፈን አልጨረስክም እኮ» ይለዋል።

ያን ዕለት ረፋድ ላይ የሚያወርዱት በድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ የቀረውን የመጨረሻ የአየር መስመር ነበር። አዲሱ መስመር በመንገዱ ጠርዝ መሬት ውስጥ ተቀብሯል፤ ቤቶቹም ከትናንት ጀምሮ መብራት የሚያገኙት ከዚያ ነው። አሮጌው ሽቦ ሞቷል። ናሁሰናይ እንደ ወትሮው ፈትኖ ቆረጠውና ጫፉን ቀስ አድርጎ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያወርድ ሰው፣ ወደ ታች ለቀቀው።

ይህን ሽቦ በጎረምሳነቱ የዘረጋው እሱ ራሱ ነው። ያኔ ከምሰሶው ማዶ፣ ሰገነት ላይ ልብስ የምታሰጣ ልጅ ይህንኑ ዘፈን ትዘፍን ነበር። እሱ ሥራውን እያዘገየ አዳመጣት፤ መጨረሻው ላይ ሳትደርስ ግን እናቷ ጠሯት። ልጅቷ ኑኃሚን ናት፣ የዛሬዋ ሚስቱ። ኋላ ቢጠይቃት እሷም ረስታዋለች።

መሥሪያ ቤቱ ምርጫ ሰጥቶታል፤ ወይ እንደ ሚክዳድ ከመሬት መስመር ቡድን ጋር ከተማ መቅረት፣ ወይ በረሃውን የሚያቋርጡትን ታላላቅ የብረት ምሰሶዎች እየተከተለ በድንኳን ማደር። ከሰዓት በኋላ መልሱን ይጠብቁታል። በልቡ በረሃውን መርጧል፤ ለኑኃሚን ግን ትንፍሽ አላለም።

«የላዩ ሽቦ እኮ ሲታመም ያሳይሃል» አለው ሚክዳድን፣ ወርዶ ቀበቶውን እየፈታ። «ቅርንጫፍ ወድቆበት፣ ቁራ ጎጆ ሠርቶበት ታየዋለህ። ወጥተህ ታድነዋለህ። የተቀበረው ግን ሕመሙን ውጦ ነው የሚተኛው።»

ሚክዳድ ሳቀ። የተበላሸበትን ቦታ የሚጠቁም መሣሪያ አለ እኮ፣ አለው። ደግሞም የሚበላሸው ከስንት አንዴ ነው፤ ነፋስ አያወዛውዘው፣ መኪና አይገጨው። የደቻቱ ወንዝ የሞላ ጊዜ የወደቁትን ምሰሶዎች፣ ከጭቃ ውስጥ ሽቦ ሲለቅሙ የዋሉበትን ቀን አስታወሰው። እውነቱን ነው። ግን ከጉድጓድ ውስጥ ሆነው የባቡር ጣቢያው አይታይ፣ የደቻቱ አሸዋ በፀሐይ ሲያብረቀርቅ አይታይ።

ከተማው በቀትሩ ሙቀት በሩን ዘግቶ ሲያሸልብ፣ በባጃጅ ሳቢያን ሰፈር ካለው ቤቱ ደረሰ። ኑኃሚን ሩዙን በሁለት ሰሃን ከድና ጠብቃዋለች። እሱ ግን መቀመጥ አቃተው። መስኮቱ ጋ እንደቆመ፣ ፊቷን ሳያይ፣ በረሃ ሊወጣ እንደሆነ ነገራት።

ኑኃሚን እጇን ከተከደነው ሰሃን ላይ አሳረፈች።

«ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ምን እንደማደርግ ታውቃለህ?» አለችው። «ምሳዬን እከድናለሁ። አብሬህ ልበላ የምጠብቅህ ይመስልህ ነበር አይደል? አንተ በሰላም በዚህ በር ሳትገባ እህል ከጉሮሮዬ አይወርድም፣ ናሁዬ። የወደድከኝ እዚያ ላይ ሆነህ ነው፤ አልጠላሁትም። አሁን ግን ውረድልኝ።»

ናሁሰናይ ዞሮ አያት። የድሬን ጣሪያ ሁሉ ከላይ ሲያይ የኖረ ሰው፣ ይህን የተከደነ ሰሃን አላየውም ነበር።

ስልኩን አውጥቶ ሚክዳድ ጋ ደወለ። ለነገ አካፋ እንዲያስቀምጥለት ነገረው። ሚክዳድ ከወዲያ ማዶ ሆኖ፣ እንግዲህ ፍልፈል ሆንክልኝ ብሎ ሳቀበት፤ ናሁሰናይም ሳቀ። የሳቢያን ሽቦ ገና መሬት ውስጥ አልተቀበረም። በመስኮቱ በኩል ሽቦው ላይ ሁለት ርግቦች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እስኪበሩ ድረስ አያቸው።

ከዚያ እጁን ታጠበ። ኑኃሚን ሁለቱንም ሰሃን ከፈተች። ሩዙ ቀዝቅዟል። ወንበሩን ስቦ ከአጠገቧ ተቀመጠና መብላት ጀመረ።