ፀጉራቸው ሳይደርቅ የሚሄዱት ደንበኛ

በምሠራበት የሴቶች ፀጉር ቤት የመስኮቱ ዳር ወንበር የባልደረባዬ ነው፤ ከጎኑ ያለው የእኔ። ስም አላት፤ ደንበኛው ሁሉ ግን «መርማሪዋ» ነው የሚላት። ሰው ገና ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል ሳይደረግለት ጥያቄ ትጀምራለች። የት ነው የምትኖሪው? ከማን ጋር? ያቺ ያኮረፈችሽ እህትሽስ? ክፋት የለባትም፤ የሰው ነገር ከልቧ ይገርማታል። ጭንቅላት እያሸች «ሰሞኑን እንቅልፍ የለሽም አይደል?» ካለች አብዛኛውን ጊዜ አትሳሳትም። ጣቶቿ ፀጉርሽ ውስጥ እያሉ መዋሸት ይከብዳል።

ስለ ራሷ ግን ትንፍሽ አትልም። ባሏ ከሞተ እንደቆየና አንድ ወንድ ልጅ እንዳላት እናውቃለን። ልጁን የጠየቃት ሰው ካለ «ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ሌላ ከተማ ሥራ ይዟል» ትልና ወዲያው ቧንቧውን ትከፍታለች። ውሃ እየተንሿሿ ማን ያወራል? እኔ እንኳ ዓመታት ክንድ ለክንድ እየተነካካን ስንሠራ ከዚህ ያለፈ ነገር አልሰማሁም።

ከደንበኞቿ ሁሉ አስበልጣ የምታከብራቸው ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። ሐሙስ ከሰዓት ይመጣሉ። ወንበሩ ላይ እንደ ስብሰባ መሪ ቀጥ ብለው ነው የሚቀመጡት። እሳቸውም አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ነርስ ናት፣ ለስልጠና ውጭ አገር ሄዳለች ይላሉ። ሁለቱ ስለ ሩቅ ልጆቻቸው እየተጫወቱ ፀጉሩ ይታጠባል፣ በቢጎዲን ይጠቀለላል፣ ከዚያ ካስክ የምንለው ማድረቂያ ስር ይገባሉ።

መርማሪዋን እረፍት የነሳት ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሴትየዋ ፀጉራቸው ደርቆ አያውቅም። ገና ሞቅ ሲል ሰዓታቸውን ያዩና ቢጎዲኑን በገዛ እጃቸው መፍታት ይጀምራሉ።

«እትዬ፣ ትንሽ ይታገሱ እንጂ። ብርድ ይመታዎታል።»

«ይበቃል ልጄ፣ ረፈደብኝ።»

ወዴት እንደሚረፍድባቸው ግን አይናገሩም። እኛ ደግሞ ሥራ ሲቀዘቅዝ መገመት እንወዳለን። እኔ ፍርድ ቤት ጉዳይ አላቸው አልኩ። እሷ «አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ይዘው ነው፣ አለዚያ ማን እርጥብ ፀጉር ይዞ ይሮጣል?» ትላለች። ሽማግሌውን ሳይቀር እየሳልን እንስቅ ነበር፤ ባርኔጣ ሁሉ አድርገንለታል።

አንድ ሐሙስ ሴትየዋ ሲጣደፉ መነጽራቸውን ካስኩ አጠገብ ረሱት። መርማሪዋ መነጽሩን ስታይ ፊቷ በራ። «ያለ መነጽር እኮ መንገድ አያዩም» አለችና ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ወጣች። ለደግነት ብቻ እንዳልወጣች ሁለታችንም እናውቃለን።

የሆነውን በኋላ ራሷ ነገረችኝ። ሴትየዋ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ፣ እሷ ከኋላ። መጥራት ትችል ነበር፤ አልጠራችም። መድኃኒት ቤቱን አለፉ፣ ምንጣፍ ሻጩን አለፉ፣ በጤና ጣቢያው ጀርባ ዞረው ወደ ምድር ቤት በሚወስድ ደረጃ ወረዱ። እሷም ወረደች። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ ሴቶች በፕላስቲክ ወንበር ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ሽማግሌ የለም። ወንድ የሚባል ራሱ የለም።

ዳይሬክተሯ እየተናገሩ ነበር። «ልጄ ትናንትም የማስታገሻ ክኒኑን ደብቃ አገኘኋት። ወገቧን ኦፕራሲዮን ከተደረገች ጀምሮ ከሱ መላቀቅ አልቻለችም። ሰው ሲጠይቀኝ ስልጠና ላይ ናት እላለሁ። የምትሠለጥነው እኔው ቤት፣ መጋረጃ ዘግታ ነው።»

መርማሪዋ መነጽሩን ይዛ ደርቃ ቀረች። ስብሰባውን የምትመራው ወጣት ሴት አየቻት።

«ይግቡ፣ ወንበር አለ።»

«እኔ መነጽር ላደርስ ነው የመጣሁት።»

«ምንም አይደል። መነጽር ያደረሰም ይቀመጣል።»

መነጽሩ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ዳይሬክተሯ ዘንድ ደረሰ። አጠለቁትና በሩ ላይ የቆመችው ማን እንደሆነች አዩ። ፊታቸው እንዴት እንደተለወጠ ስትነግረኝ አሁንም ዓይኗን ትሰብራለች። «ጓዳቸው ሳይጠሩኝ የገባሁ መሰለኝ» አለችኝ። ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ከፈተች። የወጣው ሌላ ነበር።

«የኔም ልጅ ሌላ ከተማ አይደለም ያለው፣ እትዬ። ቤት ነው። ይጠጣል።»

 ከዚያ ዳይሬክተሯ ቀስ ብለው፣ «ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ማን ለማን ነው ስንዋሽ የኖርነው?» አሉ። መጀመሪያ እሳቸው ሳቁ፣ ቀጥላ እሷ፤ ከዚያ ሁለቱም እንባቸው መጣ።

ያን ቀን ተራ ሲሰጣት ስለ ልጇ ብቻ አወራች። ኪሱን እንደምትፈትሽ፣ ጠርሙስ ፍለጋ ፍራሽ እንደምትገለብጥ፣ ሲገባ አፉን ለማሽተት «ና ሳመኝ» እንደምትለው። አወያይዋ እስከ መጨረሻ ሰማቻትና፣ «ስለ እሱ ሰማን። እርስዎስ እንዴት ነዎት?» አለቻት።

«እኔ?»

ሰው ስትጠይቅ የኖረች ሴት ዛሬ ምሳ መብላቷን እንኳ ማስታወስ አልቻለችም። ሌሎቹ ፈገግ አሉ፤ ሁሉም የመጀመሪያ ቀን እንደዚያው ሆነው ነበር።

ተመልሳ ፀጉር ቤት ስትመጣ «ሽማግሌው እንዴት ነው?» አልኳት። ሽርጧን አውልቃ አንጠለጠለችና፣ «ተቀመጪ፣ እነግርሻለሁ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ከዳይሬክተሯ ጋር ወደዚያ፣ ቤተሰባቸውን ሱስ የያዘባቸው ሴቶች ወደሚገናኙበት፣ አብራ መውጣት ጀመረች። ደንበኞቿን እኔ ተቀበልኩ። መፍትሔ ይሰጡኛል ብላ ነበር የጠበቀችው፤ እነሱ ግን መድኃኒቱ ይህ ነው አላሏትም። ልጇን ወደ ሱስ የከተተችው እሷ እንዳልሆነች፣ ጎትታም ልታወጣው እንደማትችል ነገሯት። እሷ ማቆም የምትችለው የራሷን ውሸት ነው። ይህ መጀመሪያ አናደዳት። «እናት ካላወጣችው ማን ያወጣዋል?» ብላ እኔ ላይ ጮኸችብኝ፤ እኔ የደንበኛ ፀጉር እያበጠርኩ ነበር።

ፈተናው በስልክ መጣ። ልጁ ሥራ ሲቀር አለቃው የሚደውለው ለእሷ ነበር፤ እሷም ጉንፋን ይዞት ነው ትላለች። ክረምት ከበጋ ጉንፋን የማይለቀው ልጅ ሆኖ ነበር። አንድ ማለዳ ስልኩ ጮኸ። ልጁ ከነጫማው ተኝቷል። ስልኩን አነሳችው።

«ዛሬም ታመመ እንዴ?» አለ አለቃው።

«እሱን ራሱን ይጠይቁት» አለችና ስልኩን ትራሱ ላይ አስቀመጠችለት። 

ልጁ ከሥራ ታገደ። «የራሴ እናት አባረረችኝ» ብሎ ሳህን ሰበረና ወጣ። እሷም ያጠፋች መስሏት ለዳይሬክተሯ ደወለች። ሴትየዋ መጡ። ምክር አላመጡም፤ የወጥ ቤቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሻይ ጠጡ፣ የሳህኑን ስባሪ አብረዋት ለቀሙ፣ ጨርሰው ሲነሱ «ነገ ጠዋት እደውልልሻለሁ» አሉ። ደወሉም። «በሕይወቴ እንዲህ ያለ እርዳታ አይቼ አላውቅም» ብላኛለች፤ ምን አደረጉልሽ ብላት ግን ቁጭ አሉ ከማለት በቀር የምትጨምረው አልነበራትም።

ልጁ ከቀናት በኋላ ተመለሰ። አልጠየቀችውም። የት አመሸህ፣ ከማን ጋር ነበርክ የሚለው ጥያቄ ከቤቱ ሲጠፋ እሱ ራሱ ግራ ተጋባ። ቀስ በቀስ ጠያቂው እሱ ሆነ።

«እማ፣ ሐሙስ ሐሙስ የት ነው የምትሄጂው?»

«ስለ ራሴ ላወራ።»

«ስለ እኔ አይደለም?»

«መጀመሪያ ስላንተ ነበር። ኋላ ሰለቻቸው መሰለኝ፣ የራስሽን አምጪ አሉኝ።»

ሳቅ አመለጠው። ከዚያ፣ «ለኛ ለጠጪዎቹስ እንዲህ ያለ አለ?» አለ።

ለዚህች ጥያቄ ዓመታት ስትጸልይ ኖራለች። እጁን ይዛ ልትሮጥ ነበር፤ ግን ምላሷን ነከሰች። «አለ ይባላል። ጤና ጣቢያው ሄደህ ጠይቃቸው» አለችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ሽንኩርት መሆኑ ጠቀማት፤ ዓይኗን ሲያይ ሌላ አላሰበም።

ወዲያው አልሄደም። የሄደው ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው፣ ብቻውን። አቆመ፤ ዳግም ወደቀ፤ ተመልሶ ሄደ። አሁን አንድ ሕንፃ ላይ የኤሌክትሪክ መስመር ይዘረጋል፤ ነገ ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም። የዳይሬክተሯ ልጅ ግን ገና ናት። ሕክምና ገብታ አቋርጣ ወጥታለች። እናቷ ይህን አሁን ካስክ ስር ሆነው፣ ድምፃቸውን ሳይደብቁ ይናገራሉ፤ ስንት ደንበኛ ከዚያ በኋላ ጠጋ ብላ «የት ነው ያ ቦታ?» እንዳለቻቸው ቆጥሬ አላውቅም።

አወያይዋ ሁለቱን «ለራሳችሁ ምን ትወዳላችሁ?» ብላ ጠይቃቸው ነበር። ብዙ ካሰቡ በኋላ ያገኙት መልስ የውሃ ዋና ነው፤ ሁለቱም አይችሉም። እሑድ ጠዋት ጀማሪዎች በሚማሩበት ገንዳ ተመዘገቡ። ባለፈው አብሬያቸው ሄጄ ዳር ተቀምጬ አየኋቸው። ዳይሬክተሯ የገንዳውን ጠርዝ ጨምድደው እግራቸውን ያንቦጫርቃሉ። እሷ በጀርባዋ ተንጋላ፣ ዓይኗን ጨፍና ትንሳፈፋለች።

ስትወጣ ፎጣ አቀበልኳትና፣ «ልጅሽ ትናንት ሥራ ገባ?» አልኳት።

«እንጃ» አለች፣ ጆሮዋ የገባውን ውሃ ለማውጣት በአንድ እግሯ እየዘለለች።