ፍረወይኒ በሰው ብስክሌት

ፍረወይኒን ያወቅኋት አያት ሰፈር፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ በጋሽ ኡርጌሳ ግቢ ተከራይተን ስንኖር ነው። ግቢው አምስት ክፍል አለው። አንዱ የእኔና የባለቤቴ፣ በአንድ ግድግዳ የሚጎራበተን ደግሞ የእሷ ነው። ጋሽ ኡርጌሳ ድሮ በዚሁ መሬት ላይ ጤፍና ሽንብራ ያርሱ ነበር። አሁን ማሳው ፎቅ ሆኗል፤ እሳቸው በተረፈቻቸው ግቢ በር ላይ ቆርቆሮ ጥለው ብስክሌት ይጠግናሉ።

ፍረወይኒ የመቀሌ ልጅ ናት፤ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ክፍል ታጸዳለች። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ገብታ ማታ ነው የምትመለሰው። ዝምተኛ ስለሆነች ለብዙ ጊዜ ስለ እሷ የማውቀው ትንሽ ነበር። ስልኳ ላይ በፎቶ ያለችው የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጇ ረሆቦት ትባላለች፤ ሰባት ዓመቷ ነው፤ መቀሌ ከአያቷ ጋር ቀርታለች። እናትና ልጅ ከተለያዩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። መቼ ታመጫታለሽ ስላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሲስተካከል።»

እኔም እናት ነኝና ነገሩ አላስችል አለኝ። አንድ ቀን ልብስ ስናሰጣ፣ ልጅቷን አምጪያት፣ አንቺ ሥራ ስትሄጂ ከእኔዋ ጋር እይዝልሻለሁ አልኳት። አመሰገነችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ገመዱ መልሳ፣ ሸክሜን ሰው ላይ አልጥልም አለች። ነገሩ እዚያው ተዘጋ።

ብስክሌተኛ እንደነበረች የታወቀው በአንድ እሑድ ነው። ጋሽ ኡርጌሳ የአንድ ብስክሌት የኋላ ጎማ እያሽከረከሩ፣ የሚንቋቋው የቱ ጋ እንደሆነ ጠፍቷቸው ይነጫነጫሉ። ውሃ ልትቀዳ የወጣችው ፍረወይኒ ጀሪካኗን አስቀምጣ ጎንበስ አለችና በሁለት ጣቷ አንድ ነገር ነካ አደረገች። ድምፁ ጠፋ። ጋሽ ኡርጌሳ ቀና ብለው አይዋት።

«አንቺ ልጅ፣ ማነሽ?» አሏት። ዓመት ከመንፈቅ ግቢያቸው ኖራ ያን ቀን መጠየቃቸው ነው።

ያኔ ነገረችን። መቀሌ በአንድ ክለብ ስምንት ዓመት ተወዳድራለች። በእርግጥ ተወዳድራለች ማለት ያስቸግራል። በብስክሌት ውድድር የሚያሸንፈው አንድ ሰው ነው፤ ግን ብቻውን አያሸንፍም። ከፊቱ ሆኖ ነፋሱን የሚመክትለት፣ ውሃ የሚያቀብለው፣ ጎማው ቢተነፍስ የራሱን ነቅሎ የሚሰጠው ሰው አለ። ፍረወይኒ ብርኽቲ ለምትባል ጓደኛዋ እንዲያ ነበረች። ዳገት ሲመጣ ከፊት ሆና ትጎትታታለች። ሁለት ኪሎ ሜትር ሲቀር ወደ መንገዱ ዳር ትልና ታሳልፋታለች፤ የእሷ ሥራ እዚያ ጋ ያልቃል፤ የቀረውን ቀስ እያለች ትጨርሰዋለች። ብርኽቲ ብዙ ዋንጫ አነሣች። በጦርነቱ ጊዜ ሞተች። የፍረወይኒም ብስክሌት ያኔ ጠፋ። ይህን ስትነግረን ድምጿ አልተለወጠም፤ ጀሪካኗን አንሥታ ገባች።

ከጥቂት ወራት በኋላ ጋሽ ኡርጌሳ አንድ ወሬ ይዘው መጡ። አዲስ የተቋቋመ ክለብ ሦስት ሴት ብስክሌተኞች ሊቀጥር ነው። ፈተናው ከኮተቤ በላይ ባሕር ዛፉን እየሰነጠቀ ወደ የካ ተራራ የሚወጣው ጠመዝማዛ አስፋልት ነው፤ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር፣ ሁሉም ዳገት። አብረው ይነሣሉ፤ ቀድመው የገቡት ሦስቱ ይቀጠራሉ። ብስክሌት ግን እያንዳንዷ የራሷን ይዛ መምጣት አለባት።

ፍረወይኒ ስለ ሥራው ሰዓት ነበር የጠየቀችው። ልምምዱ ጠዋት ነው፤ ስድስት ሰዓት ላይ ያልቃል። ስድስት ሰዓት ላይ ያልቃል ሲሏት አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ልጅ ከትምህርት ቤት የሚወጣበት ሰዓት ነዋ። ካለፈች ለመስከረም ረሆቦትን ታስመዘግባለች። የሚስተካከለው ነገር ይኸው ነበር።

ብስክሌቱን ጋሽ ኡርጌሳ አዋሷት። ከየአሮጌው ዕቃ እየለቃቀሙ የገጣጠሙት፣ ለረጅም ወንድ የተለካ የውድድር ብስክሌት ነው። መቀመጫውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርገውላትም መሪው ራቃት። ከሁሉ የባሰባት ግን ማርሹ ነው። እሷ የለመደችው ከፍሬኑ ጋር አብሮ ጣት ሥር ያለውን ነው። የዚህኛው ታች፣ ብረቱ ላይ ነው፤ ለመቀየር አንድ እጅ መሪውን መልቀቅ አለበት። ከቀየሩትም በኋላ ቆየት ብሎ ነው የሚገባው።

«እንደ እኔ ነው» አሏት ጋሽ ኡርጌሳ። «ይሰማል፤ ግን ቶሎ አይመልስም። አትቆጪው።»

ሦስት እሑድ ማለዳ፣ ባቡሩ ከሚያበቃበት ተነሥታ ወደ ለገጣፎ እየነዳች ለመደችው። ወይም የለመደችው መሰላት።

ከፈተናው በፊት በነበረው ቀን ወደ ቤቴ መጣች። ካወቅኋት ጀምሮ ሳትጠራ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ ሁለት ሲቀር፣ እንድቆምላት ለመነችኝ።

«እግሬ እዚያ ጋ መቆም ለምዷል» አለችኝ። «ስታይኝ ‹ገና ነው› በይኝ። ሌላ ምንም አትበይ።»

ቅዳሜ ጠዋት ፈረቃዋን ከአንዷ ባልደረባዋ ጋር ተቀያይራ ሄደች። ጋሽ ኡርጌሳ የክለቡን አሰልጣኝ ገሰሰን አስቸግረው ከኋላ በሚከተለው ፒካፕ ላይ ተሳፈሩ። እኔ ልጄን ለባለቤቴ ትቼ በባጃጅ ቀድሜ ወጣሁ። ስለዚህ ከታች እስከ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ያለውን የምጽፈው ጋሽ ኡርጌሳ እንደነገሩኝ ነው።

የተነሡት አሥራ አንድ ነበሩ። ሃያ አምስት ዓመት ያለፋት ፍረወይኒ ብቻ ናት። መነሻው ላይ ሄሊና የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ብስክሌቱን ከላይ እስከ ታች አይታ፣ «ይሄ ከሙዚየም ነው የወጣው?» ብላ ሁሉንም አሳቀቻቸው። ፍረወይኒም አብራ ሳቀች።

የመጀመሪያው መጠምዘዣ ላይ መንገዱ ድንገት ቀጥ ብሎ ይነሣል። ሌሎቹ ማርሽ አቀለሉ። ፍረወይኒ እንደ ድሮዋ ጣቷን ወደ ፍሬኑ ላከች፤ እዚያ ምንም የለም። ታች ፈልጋ እስክታገኘው በከባዱ ማርሽ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ደግሞ ቸኩላ ስትስበው ሰንሰለቱ ወለቀ። ወርዳ በእጇ መለሰችው። እንደገና ስትነሣ የሁሉም መጨረሻ ሆናለች። ጋሽ ኡርጌሳ ከፒካፑ ላይ «ጀባዱ!» እያሉ ጮኹላት፤ በርቺ ማለታቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ማርሹን አልነካችውም። አንዱን መርጣ፣ ቀጥ ሲል ቆማ፣ ረገብ ሲል ተቀምጣ በእሱ ብቻ ረገጠች። ከታች ቸኩለው የተነሡት አንድ በአንድ ደከሙ፤ እሷም አንድ በአንድ አለፈቻቸው። ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከፊቷ የቀሩት ሦስት ብቻ ናቸው። ሁለቱ ርቀዋል። ሦስተኛዋ ሄሊና ናት።

እዚያ ጋ ዛፉ ይሳሳና ነፋሱ ፊት ለፊት ይመጣል። ሄሊና ጉልበቷ አልቆ መንገዱን ከዳር ዳር ትለካለች። ፍረወይኒ ልታልፋት ትችል ነበር፤ ጋሽ ኡርጌሳ እስከ ዛሬ ይምሉበታል። ማለፉንስ አለፈቻት። ግን ከፊቷ ገብታ ፍጥነቷን ቀነስ አደረገችና በክርኗ ምልክት ሰጠቻት፤ ተጠጊ ማለት ነው። ልጅቷ ከኋላዋ ተለጠፈች። ፍረወይኒ ነፋሱን ብቻዋን እየተቀበለች ጎተተቻት። አሰልጣኙ፣ ሴትዮዋ ምን እያደረገች ነው ብለው ጠየቁ።

እኔ በነጭ ቀለም ሰባት የተጻፈበት ድንጋይ አጠገብ ቆሜያለሁ። ሁለቱ አልፈውኝ ሄደዋል። ከዚያ ፍረወይኒ ብቅ አለች፤ ከኋላዋ የሄሊና ቆብ ብቻ ይታያል። እንደ ትእዛዟ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ፍረ፣ ገና ነው!» አልኳት።

ዞራ አየችኝ። እንደሰማችኝ አውቃለሁ። እየሰማችኝ ብስክሌቷ ወደ ግራ፣ ወደ መንገዱ ዳር አለ። አንገቷ ዝቅ አለ። እግሯ መርገጡን አቆመ። ሄሊና በቀኝ በኩል አለፈቻት። ከዓይኔ ፊት ሲሆን ሳየው ስህተት አይመስልም ነበር፤ በደንብ የተጠና ሥራ ነው የሚመስለው። ምናልባት እኔ እዚያ ቆሜ ባላሳያት ኖሮ ቦታውን ሳታውቀው ታልፈው ነበር። ይህን አንዳንዴ አስባለሁ።

ብስክሌቱ ሊቆም ሲል አንድ እግሯን መሬት አስነካች። እንግዳ ቤት በር ላይ እንደደረሰ ሰው ቀሪውን መንገድ ቀና ብላ አየችው። ምንም አላልኳትም። ከዚያ ተነሥታ ረገጠች፤ እስክትሰወርብኝ ድረስ አንዴም አልተቀመጠችም።

እኔ በእግሬ ተራራው ጫፍ ላይ ስደርስ ስም ተነቦ አልቋል። ሄሊና ሦስተኛ ገብታለች። ፍረወይኒ አራተኛ ናት፤ ልዩነታቸው የአንድ ብስክሌት ርዝመት ነው። አሰልጣኝ ገሰሰ አልከፉባትም። ያየሁትን አይቻለሁ፣ ነገር ግን ሦስት ነው የተፈቀደልኝ፣ የሚቀጥለው ዓመት ሞክሪ አሏት። አመሰገነቻቸው። ጋሽ ኡርጌሳ ፊታቸውን አዙረው በኦሮምኛ ለራሳቸው የሆነ ነገር ይናገራሉ።

ሄሊና ቆቧን በእጇ ይዛ መጣች።

«እቴ፣ ለምንድነው እንደዛ ያረግሽው? ብትሄጂ እኮ አልይዝሽም ነበር።»

ፍረወይኒ ሰንሰለቱ ያጠቆረውን እጇን በሣር እየጠረገች ነው። «ያ መጨረሻው እንዲህ ይከብዳል አላልኩም ነበር» አለች። ለማን እንደሆነ እንጃ። ቀጥላ ግን ቀና ብላ ልጅቷን አየቻትና፣ «አንቺ ደግሞ ከታች አትቸኩዪ። ጉልበትሽን የጨረስሽው አንደኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው» አለቻት።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ሳመቻት፤ ፍረወይኒ ደንግጣ አነሣቻት።

ሰው ሁሉ ሲበተን እኔና ፍረወይኒ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ከታች ከተማው በሙሉ ይታያል፤ አውሮፕላን ከእኛ ዝቅ ብሎ ወደ ቦሌ ይወርዳል። የማጽናኛ ቃል ስፈልግ እሷ ቀደመችኝ።

«ያኔ ልብስ ስናሰጣ ያልሽኝ ነገር» አለች። «አሁንም አለ?»

«አለ» አልኳት።

ስልኳን አውጥታ እናቷ ጋ ደወለች። ትግርኛ አልችልም፤ እናቷን «አደይ» ማለቷንና የልጇን ስም ብቻ ነው የለየሁት። ኋላ እንደነገረችኝ፣ እናቷ ተሳካልሽ ወይ ብለው ጠየቋት፤ አልተሳካም፣ ረሆቦት ግን ትምጣ አለቻቸው። እናትየውም ልጅቷ ጫማ እንደጠበባት፣ አዲስ አበባ ስትደርስ እንድትገዛላት ነገሯት። ስልኩን ስትዘጋ ነው ያለቀሰችው። ጋሽ ኡርጌሳ እንዳላዩ ሆነው የብስክሌቱን ጎማ ሲያዩ ቆዩ።

ረሆቦት በነሐሴ መጨረሻ ከአንዲት ዘመዳቸው ጋር ላምበረት መናኸሪያ ወረደች። ቁመቷ ስልኩ ላይ ካለችው በጣም ይበልጣል፤ ጥርሷም በቅሏል። እናቷን አይታ የዘመዳቸውን ነጠላ ያዘች። ፍረወይኒ ቁጭ ብላ እጇን ዘርግታ ጠበቀች፤ ብዙ ሰው በአጠገባችን አለፈ፤ ልጅቷ መጨረሻ ላይ መጣች። ትምህርት ቤት በጦርነቱ ምክንያት ብዙ ስላመለጣት አንደኛ ክፍል ከትንንሾቹ ጋር ገባች። አማርኛው ገና ያስቸግራታል፤ ከእኔዋ ጋር ግን በማላውቀው ቋንቋ ይግባባሉ፤ ሲጣሉም እንዲሁ።

ፍረወይኒ አሁንም ሩዋንዳ ክፍል ታጸዳለች። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሬ ቀስ ብሎ ይንኳኳል። ልጇን በብርድ ልብስ እንደጠቀለለች ታስረክበኛለች፤ ከእኔዋ ጎን አስተኛታለሁ፤ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሁለቱንም ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። መጀመሪያ ሰሞን በየቀኑ በር ላይ ቆማ ይቅርታ ትጠይቀኝ ነበር። አሁን አሁን ትታዋለች።