የከሰል ቆፋሪዎቹ ጭራሮ

የቼሪ እንጨት ሲቆረጥ መረር ያለ ሽታ አለው። ዛሬ ጠዋት ፍራንክፈርት፣ ጋሉስ ሰፈር ባለው ቤቴ ወጥ ቤት ውስጥ የቅርንጫፎቹን ጫፍ በቢላ ስሰነጥቅ ሽታው ጣቴ ላይ ቀረ፤ ሁለት ጊዜ ታጠብኩ፣ አልለቀቀኝም። ልጄ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳዘለች በሩ ላይ ቆማ አየችኝና በጀርመንኛ "ማማ፣ እነዚህ እኮ ሞተዋል" አለች። እኔም አንድ ጊዜ እንደዚያው ብዬ ነበር።

ያኔ የፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ ከቦከንሃይም ሰፈር ዕቃውን እየጫነ የሚወጣበት ጊዜ ነበር። እኔ ቦናመስ በሚባል የከተማው ዳርቻ፣ ከረጃጅም ፎቆች በአንዱ፣ ከአንዲት ታላቄ ከሆነች ያገሬ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተጋርቼ እኖር ነበር። የጥገኝነት ጥያቄዬ መልስ አልመጣም። ከድሮም ቁጭ ብድግ አበዛለሁ፤ መጠበቁ ደግሞ ባሰብኝ። የፖስታ ሳጥኑን አይቼ ወደ ባቡሩ እሮጣለሁ፣ ሰው ቤት አጸዳለሁ፣ ተመልሼ እዚያው ሳጥን ጋ እቆማለሁ።

ዓርብ ዓርብ የማጸዳው ቦከንሃይም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ቤት ነበር። ወጣትነታቸውን ያሳለፉት በስተሰሜን ባለ አንድ ሸለቆ፣ ሰባት ሰው ብቻ በሚሠራባት ትንሽ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሰው ሁሉ ማገዶ ሲያጣ ተከፈተች፤ ዘይት ሲረክስ ተዘጋች። እሳቸውም ፍራንክፈርት መጥተው አሁን ከቤታቸው ሥር የሚያልፈውን የባቡር ዋሻ ቆፈሩ። ባቡሩ ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ጋ ያለው ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል፤ እሳቸው ሰዓታቸውን ያያሉ።

ስለዚያች ጉድጓድ ሊነግሩኝ ይጀምራሉ፤ እኔ የምንጣፍ መጥረጊያውን ማሽን አስነሳለሁ። ክፋት አልነበረም፣ ልቤ ፖስታ ሳጥኑ ጋ ስለነበር ነው። አፋቸው ሲንቀሳቀስ እያየሁ በጀርመንኛ "ያ፣ ያ"፣ አዎ አዎ፣ እላለሁ።

በዴዜምበር አንድ ዓርብ፣ ሐኪም ዘንድ ሄደው ሳለ፣ መስኮቱ ላይ ውሃ ውስጥ የቆሙ ስድስት ጭራሮዎች አገኘሁ። ቅጠል የላቸው፣ አበባ የላቸው፤ እኔ ባደግሁበት ቤት ይኼ እሳት ማቀጣጠያ ነው። ታች ወርጄ ቡናማው የቆሻሻ በርሜል ውስጥ ጣልኳቸው። የአበባ ማስቀመጫውን እስኪያበራ አጥቤ፣ ሲመጡ እስኪያመሰግኑኝ ጠበቅሁ።

ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ወደ መስኮቱ ሄዱ።

"ቅርንጫፎቹስ?"

"ሞተው ነበር፤ ጣልኳቸው።"

"አልሞቱም" አሉ ቀስ ብለው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ። የቆሻሻ መኪናው መጥቶ ሄዷል፤ በርሜሉ ባዶ ነው። ስመለስ ማሽኑን ሳላስነሳ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

ያን ቀን ነገሩኝ። የከሰል ቆፋሪዎች ጠባቂ ቅድስት ባርባራ ናት። በቀኗ፣ በዴዜምበር አራት፣ የቼሪ ቅርንጫፍ ቆርጠው ውሃ ውስጥ ያቆማሉ፤ በሦስት ሳምንቱ፣ ለገና፣ ያብባል። ስድስቱ ጭራሮዎች ስድስቱ የጉድጓድ ጓደኞቻቸው ነበሩ። አንዱ አለቃቸው፤ ጣሪያውን የደገፈው እንጨት ሲንቋቋ ሰምቶ "ውጡ" የሚለው። አንዱ ዳቦውን ለአይጥ የሚያካፍለው። ሁለቱ ወንድማማቾች። የከሰሉ ንጣፍ ከፍታ ከጉልበት ስለማያልፍ ስድስቱም ቀኑን ሙሉ በጎናቸው ተኝተው ይቆፍሩ ነበር። አቧራው ሳንባቸው ገብቶ አንድ በአንድ ጨረሳቸው። እሳቸው የተረፉት ሥራቸው ከላይ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ስለነበር ነው፤ ሰው የሚያወርደውንና የሚያወጣውን የገመድ ማሽን፣ ዊንቹን፣ ዘንጉን እየሳቡ የሚያንቀሳቅሱት እሳቸው ነበሩ።

"ስድስተኛው ሳይወጣ ወደ ቤቴ ሄጄ አላውቅም" አሉኝ። "ዘንድሮ ሁሉንም እዚያው ተውኳቸው።"

"ሌላ ልቁረጥልዎት?"

"ቀኗ አልፏል።"

በዚያ ሳምንት ባቡር ውስጥ መቀመጫ እያለ ቆሜ ነበር የምሄደው። አፈርኩ፤ ማፈር ብቻ ሳይሆን የሰው ሬሳ የጣልኩ ያህል ፈራሁ። ሐሙስ ዕለት የጠበቃዬን ቀጠሮ ቀን ልቆጥር ግድግዳችን ላይ የተሰቀለውን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ሳይ ዓይኔ አንድ መስመር ላይ ቀረ። ታኅሣሥ ስምንት፣ ቅድስት በርባራ። ነገ ማለት ነው። በጣቴ ቆጠርኩ፤ ከዚያ እስከ እኛ ገና ልክ ሦስት ሳምንት ነው።

አብራኝ የምትኖረው ጴንጤ ናት። ስነግራት፣ "እኔ ቅዱሳንሽን አላውቅም፤ መቀስ ግን አለኝ። ነገ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ምናምን የለኝም፣ አብሬሽ እሄዳለሁ" አለች። ማለዳ ኒዳ ወንዝ ዳር የአትክልት ቦታ ያላቸውን ጎረቤታችንን ለምነን፣ በረዶ ከለበሰው የቼሪ ዛፍ ስድስት ቅርንጫፍ ቆረጥን።

ሽማግሌው በሩን ሲከፍቱ "የእኛዋ ዛሬ ናት" አልኳቸው። የካላንደሩን ነገር አስረዳኋቸው። "በአሥራ ሦስት ቀን የምትዘገይ ባርባራ" አሉና ሳቁ። ከዚያ በኋላ ተራዬ ባልሆነበት ቀንም እየሄድኩ ውሃውን እቀይር፣ ስለ ጉድጓዷ እሰማ ነበር።

የገና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ሄድኩ። አምስቱ ነጭ አበባ አውጥተዋል፤ የአለቃው ግን እንቡጡ እንደተጨበጠ ነው። ሽማግሌው ምሳ አልበላም አሉ፤ እኔም አልበላሁም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ መስኮቱን ስትነካ አንዲት እንቡጥ ተከፈተች። በባዶ እጃቸው አንድ የማይታይ ዘንግ ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ።

"ስድስት" አሉ፤ ከዚያ ለመብላት ተነሡ።

መኖሪያ ፈቃዴ በጸደይ መጣ። እሳቸው በመከር ሞቱ። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ስምንት ዛፉ ሥር ቆሜ ስድስት ቆረጥኩና መቀሱን ማስቀመጥ አቃተኝ። አልቅሼ ለእሳቸው አንድ ጨመርኩ።

አሁንም መስኮቴ ላይ ያሉት ሰባት ናቸው። ሰባተኛው በየዓመቱ ይዘገያል። ባለቤቴ አቆራረጡ ነው፣ ውሃው ነው ይላል። እኔ በሰው ሁሉ ላይ እቸኩላለሁ፣ በእሱ ላይ ግን አልቸኩልም፤ ሌሎቹን ሳያወጣ አይመጣም።