የእማማ ዳርሚ አፍንጫ ሆኜ ስሠራ

«ተበላሽቷል!»

«አልተበላሸም! ሃያ ዓመት ወተት ሳሸት የኖርኩ ሴት ነኝ!»

ሥራ የጀመርኩት በዚህ ጭቅጭቅ መሃል ነው። ሻይ ቤት ያላቸው ጋሽ ተካ አንድ ጀሪካን የግመል ወተት መልሰው አምጥተዋል። አዲሷ አሠሪዬ እማማ ዳርሚ ክዳኑን ከፍተው አሸተቱ። ምንም አልሸተታቸውም። እኔን ግን የኩምጣጤው ሽታ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜም አገኘኝ።

ጋሽ ተካ ሲሄዱ እማማ ክንዴን ያዙ። «ከነገ ጀምሮ እኔ ቀድሜ አሸታለሁ፤ አንቺ ትከተያለሽ። ከተበላሸ ሳል አድርጊ።»

«ለምን እውነቱን አይናገሩም?»

«አፍንጫዋ ከሞተ ወተት ሻጭ ማን ይገዛል?»

ሥራው ይኸው ነበር። ወተቱ ከጎልቦ ቆላ በቦዳቦዳ ሞተር ብስክሌት ይመጣል። ደህናው ጀሪካኑ የታጠነበትን ጭስ ይሸታል፤ የተበላሸው ይኮመጥጣል። እማማ እንደ ዳኛ ያሸታሉ፣ እኔ እስላለሁ፣ ጀሪካኑ ይመለሳል። የጻፍኩትን ግጥም ለሰው ሳነብ እንኳ እንዲህ በጥሞና ያዳመጠኝ የለም።

ሙቀቱ ሲበረታ የሚበላሸው ወተት በዛ፤ ሳሌም በረታ። ወተቱን ይዘው የሚመጡት የጎልቦ ሴቶች በስዋሂሊ «ፖሌ፣ ፖሌ»፣ አይዞሽ፣ እያሉ አዘኑልኝ፤ አንዷ ማር አመጣችልኝ። በላሁት።

አንድ ጠዋት ደንበኛችን ነርስ ጉዮ ወተት ሊገዛ መጣ። ሴቶቹ «ይህችን ልጅ መርምራት» አሉት። እሱ ግን የሚያየው እማማን ነው። ቀኝ ጉንጫቸው አብጧል።

«እማማ፣ ስኳር አለብዎት አይደል? አፍንጫዎ ከተደፈነ ስንት ጊዜው?»

«ስኳሩ ደሜ ውስጥ ነው። አፍንጫዬን ምን አገባው?»

«ደሙ አፍንጫዎን ዘሎ ነው የሚያልፈው?»

ሴቶቹ ሳቁ። ጉዮ አልሳቀም። ስኳር ሲበዛ አፍንጫ ይደርቃል አላቸው፤ ከጉንጭ አጥንት ጀርባ ያለው ክፍተት ከመረቀዘ ቶሎ አይድንም፣ አንዳንዴም ወደ ዓይን ይሄዳል። «ዛሬውኑ ይምጡ። ነገ አይሆንም።»

«ወተቱን ማን ሊያሸት?»

«እኔ» አልኩ። «ድሮም የማሸተው እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ አልስልም።»

ማር ያመጣችልኝ ሴት ዞራ አፈጠጠችብኝ።

ከዚያ ሥራ የተማርኩት ይህን ነው፦ የሰው ሕመም ሲሸፈን ገበያው ይድናል፤ ሰውየው አይድንም።

«ከሃዲ!» አሉኝ እማማ። ሻርፓቸውን ከሚስማሩ ላይ መነጨቁና ጉዮን ቀድመው ወደ ጤና ጣቢያው ወጡ። የቆርቆሮው በር ከኋላቸው ጓ ብሎ ተዘጋ።